ተረክቤያለሁ

ሲስተር ኤልዳና ጌታነህ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መቶ አራት ሕሙማን ተረከበች። አንዳቸውንም አልነካችም። ወንበሯ ላይ ተደላድላ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ግድግዳውን የሞሉትን የአልጋ መስኮቶች ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ዳሰሰችና «ተረክቤያለሁ» አለች። ግድግዳው ድምፅዋን መዝግቦ አረንጓዴ ሆነ። ከጎኗ የተቀመጠችው ነርስም ዘጠና ስምንት ተረክባ ቁርሷን ፈታች።

ኤልዳና የሚለው ስም በአሁኑ ጊዜ የባልቴት ስም ነው። ሕፃናቱ ተመልሰው አስካለና በላቸው መባል ጀምረዋል፤ ኤልዳና ወይም ሶሊያና ተብሎ ሲጠራ ብድግ የሚለው ሰው አንድም ከዘራ ይዟል፣ አንድም ጉልበቱን ደግፏል። ኤልዳናም ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቷታል፤ ጉልበቷን ግን ገና አልደገፈችም።

ሦስት ወንዝ ሆስፒታል ውስጥ ሕሙማኑ ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ፎቅ ይተኛሉ፤ ነርሶቹ ምድር ቤት፣ መመልከቻ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። አልጋው ሕመምተኛውን በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጣል፣ ያጥባል፣ ትኩሳቱን ይለካል፣ መድኃኒቱን ይሰጣል። ሲያቃስት ደግሞ ያጽናናዋል፤ የሚያጽናናውም በኤልዳና ድምፅ ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት አልጋዎቹ ሊገቡ ሲሉ፣ ከነርሶቹ ሁሉ ያንቺ ድምፅ ይለሰልሳል ተብላ ሦስት ቀን ሙሉ ጠባብ ክፍል ውስጥ ለብቻዋ ስታወራ ዋለች። «አይዞዎት፣ አለሁ» አለች። «ትንሽ ነው የሚያመው» አለች። «ቤተሰብዎ እየመጡ ነው» አለች። ዛሬ በአገሩ ባለ አልጋ ሁሉ ላይ አለሁ የምትለው እሷ ናት። አንድ ጊዜ ጎረቤቷ ታማ ከርማ ስትወጣ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስታጽናኚኝ አደርሽ ብላ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ኤልዳና ያን ሌሊት እቤቷ ተኝታ ነበር። «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» ብላ ቶሎ ቤቷ ገባች።

ሦስቱ ማኅበራት የተነሡት ይህን ለማስቆም ነው። መነሣቱን እንኳ ቀድሞም ተነሥተዋል፤ ያቃታቸው አብሮ መነሣቱ ነበር። የነርሶች ማኅበር ለብቻው፣ የአዋላጆች ማኅበር ለብቻው፣ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ማኅበር ለብቻው እየሆኑ ስድስት ዓመት ምክር ቤት ተመላለሱ። ነርሶቹ አስታማሚ ለሌለው ሕመምተኛ ሲሉ አዋላጆቹ ለወላድ ይቅደም ይላሉ፤ የምክር ቤቱ ሰዎችም መጀመሪያ እርስ በርሳችሁ ተስማሙ ብለው ሻይ ጋብዘው ይሸኟቸዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት በየስብሰባው የማይጠቅስ አልነበረም። ድሩ ግን እርስ በርሱ ሲጠላለፍ ኖረ።

ያስማሟቸው ሲስተር ፈዲላ ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ አልጋዎቹ ሳይመጡ በፊት በገዛ እጃቸው ከአራት ሺህ በላይ ልጅ ያዋለዱ፣ ሲናደዱ ድምፃቸው የሚቀንስ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ሦስቱ ማኅበራት ማን ይምራን ብለው ሲነታረኩ ውለው፣ እሳቸው ቀስ ብለው፣ እናንተ ሰዎች በዚህ ዓለም ላይ አጣርተን የምናውቀው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ርክክብ ነው አሉ።

ርክክብ እንደ ድሮው ማለታቸው ነው። ድሮ ፈረቃ ሲለወጥ ወጪዋና ገቢዋ ነርስ ከሕመምተኛው ግራና ቀኝ ይቆሙ ነበር። ወጪዋ፣ ሕመምተኛው እየሰማ፣ መጀመሪያ ያልተሠራውን ትናገራለች፤ የተሠራው ኋላ ይመጣል። ገቢዋ የሰማችውን በራሷ አፍ ትደግመዋለች። ከዚያ «ተረክቤያለሁ» ትልና ሰዓቱን ትጠራለች። ያቺ ቃል ከወጣች በኋላ ሰውየው የገቢዋ ነው። መድኃኒት አሳስታ የሰጠች ነርስ ትመከራለች፣ ከባሰም ትቀጣለች፣ ኋላም ይረሳላታል። በርክክብ ላይ የደበቀች ግን አብሯት ሻይ የሚጠጣ አታገኝም።

ስለዚህ የኅብረቱ መሪነት በየሁለት ወሩ ከማኅበር ወደ ማኅበር እንዲዞር፣ ሲዞርም በዚሁ ወግ እንዲሆን ተስማሙ። ወረቀት አይነበብም። አንድ ወጣት ነርስ ጽሑፉም አብሮ ቢሰጥ ምናለ ብሎ ቢጠይቅ፣ ፈዲላ፣ አጠገብህ የቆመችውን ሳታምን ምን ልትረከብ መጣህ ብለው አስቀመጡት። ወጉ ሠራ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስቱም በአንድ አፍ የሚናገሩለት ረቂቅ ወጣ። ሕዝቡ «የእጅ አዋጅ» አለው። ማንኛውም ታማሚ በቀን ቢያንስ አሥራ ሁለት ደቂቃ የሰው እጅ እንዲያገኘው የሚያዝ፣ ሰባት አንቀጽ ያለው ረቂቅ ነበር። አምስተኛው ተኝተው ለሚታከሙ፣ ስድስተኛው ለወላዶች ነው። ሰባተኛው በዝምታ ክፍሎች ላሉት ነው።

የዝምታ ክፍል አእምሯቸውን የታመሙ ሰዎች የሚቀመጡበት ነው። ፊት ለፊቱ መስታወት ነው፤ ነርሱ ከመስታወቱ ውጭ ይቀመጣል፣ ድምፅ በማጉያ ይገባል፣ ምግብ በመስኮት ይገባል። በሩን የሚከፍተው አልጋው ነው፤ አልጋው ደግሞ ሞት ካልመጣ አይከፍትም። በአገሩ ሁለት ሺህ አንድ መቶ እንዲህ ያለ ክፍል አለ። የአእምሮ ሕክምና ነርሶቹን ወክሎ የመጣው ኢዮስያስ የተባለ የአርባ ዓመት ሰው ነበር። ታማሚዎቹ ወንድ ነርስ ሁሉ ዶክተር ይመስላቸዋልና «ዶክተር» ይሉታል፤ እሱም ማረሙ ሰልችቶት አቤት ይላል። ዘጠኝ ዓመት ከመስታወቱ ውጭ ተቀምጧል። ኤልዳናን «እትዬ ኤልዳና» ነው የሚላት፤ በስብሰባ ላይ ሰው ሲያቋርጣት ከሷ በላይ የሚናደደው እሱ ነው።

አዋጁ ለውሳኔ የቀረበው ሰኔ ማለቂያ ላይ፣ ምክር ቤቱ ለክረምት ሊበተን አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። ተራው የነርሶች ነውና ኅብረቱን የምትመራው ኤልዳና ነበረች። ፈዲላ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደርሰው አዳራሹ በር ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀመጡ። ኢዮስያስ ዘገየ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ከቋሚ ኮሚቴው ሰው መጣና መሪዋ ብቻ ትግባ አለ።

ሰብሳቢዋ ጨዋ ሴት ነበሩ። ኤልዳናን አስቀምጠው፣ ሆስፒታሎቹ ስድስቱን አንቀጽ እንደተቀበሉ፣ ሰባተኛውን ግን በምንም መንገድ እንደማይቀበሉ ነገሯት። በሮቹ በሰው ፈቃድ እንዲከፈቱ ከተባለ ክፍሎቹ ፈርሰው መሠራት አለባቸው፤ አደጋ ቢደርስ ኃላፊው ማን እንደሆነም ገና አልታወቀም። ሰባተኛው ከወጣ ዛሬ ከሰዓት በፊት ይጸድቃል። ካልወጣ ለመጪው ዓመት ይተላለፋል፤ በመጪው ዓመት ደግሞ እሳቸው እዚህ ወንበር ላይ መኖራቸውን እንጃ። ጓደኞችሽን አማክሪ ብለው አሥር ደቂቃ ሰጧት።

ኤልዳና ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ፈዲላ በሩ ጋ አንገታቸውን ደፍተው መቁጠሪያቸውን እየገፉ ነበር፤ ቀና ብለው አላዩዋትም። መጀመሪያ ኢዮስያስን ልጥራ ብላ ደወለች።

እያንሾካሾከ አነሣው። እትዬ ሶሊያና የሚባሉ ታማሚ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ አልጋው የሚሰጣቸውን አይበሉም፣ ሰው ፊታቸው ተቀምጦ ካላያቸው አይጎርሱም። አሁን ገና ማንኪያ አንሥተዋል። ከተነሣሁ ማንኪያውን ያስቀምጡታል አላት። ቀጥሎም እሷ ገና ነገሩን ሳትጀምርለት፣

«እርስዎ ካሉ እኔ አለሁ፣ እትዬ ኤልዳና። ያሉትን ይበሉ፤ እኔም ያልኩት እሱን ነው» አላት።

ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። ሰባተኛውን አውጡ ብለውናል፣ ያንተን ሰዎች ማለት ነበረባት። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ አንድ ጉርሻ የሚያህል ጊዜ አይፈጅም። በምትኩ «እሺ፣ አብላቸው» ብላ ዘጋችው።

ቀሪውን ስምንት ደቂቃ በመስኮት ስታይ አሳለፈች። ስድሳ ሺህ አልጋ በአንድ ወገን፣ ሁለት ሺህ ክፍል በሌላው ወገን። ሠላሳ አራት ዓመት ነርስ የሆነች ሰው ማን ይቅደም የሚለውን ስሌት አሳምራ ታውቀዋለች፤ አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች በአንድ ላይ ሲመጡ ራሷ ለይታለች። ነገር ግን በዚያ ስሌት ወደ ኋላ የሚቆየው ሰው ክንዱ ላይ ምልክት ይታሰርለታል። እንዳይረሳ ነው፤ ቢያንስ እንደቆየ እንዲያውቀው ነው። ይህንም ኤልዳና ታውቃለች። ወደ ፈዲላ አንድ እርምጃ ተራመደችና አሮጊቷ ምን እንደሚሏት ስለገባት ተመለሰች። ልጁን፣ ኢዮስያስን፣ እንጠብቀው ነበር የሚሏት።

ወደ ክፍሉ ስትገባ ሰብሳቢዋ «እህሳ?» አሏት።

«ተስማምተናል» አለች።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሳይሆን የእጅ አዋጅ «እንደተሻሻለ» ጸደቀ። እንደተሻሻለ የምትለዋን ቃል በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሐል ልብ ያላት አልነበረም። ፈዲላ አለቀሱ። ኢዮስያስ እየሮጠ ደረሰና ኤልዳናን አቅፎ ከመሬት አነሣት። እሷ ፊቷን ትከሻው ላይ ደበቀች፤ ያየ ሁሉ የደስታ መሰለው።

የመሪነቱ ርክክብ በማግሥቱ ጠዋት በአዋላጆች ማኅበር ቤት ሆነ፤ ተረኞቹ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ነበሩ። ኤልዳና ከጠረጴዛው ወዲህ፣ ኢዮስያስ ከጠረጴዛው ወዲያ ቆሙ። ወጉ ያልተሠራውን አስቀድሚ ይላል። ኤልዳና ደንቡ ገና አልወጣም አለች። የአዋላጆች ሥልጠና አልተጀመረም አለች። የአዋጁ ሙሉ ቃል በጋዜጣ እስኪወጣ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል አለች። ከዚያ አፏን ከፈተች። ኢዮስያስ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ቀጣዩን ቃል ሊደግም ተዘጋጅቶ ጠበቃት። ገና ትናንት ከመሬት ያነሣት ሰው ነው። ነገ ለብቻው እነግረዋለሁ አለች በልቧ፣ በሰው ፊት አይሆንም፣ ዛሬ የደስታ ቀን ነው።

«የቀረ የለም» አለች።

«የቀረ የለም» አለ ኢዮስያስ፤ «ተረክቤያለሁ። ሦስት ሰዓት ከሃያ።»

ነገም መጣ፣ ከነገ ወዲያም መጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ኤልዳና ግን አፈሰሰች እንጂ አልለቀመችም፤ ለኢዮስያስ ሳትነግረው ቀኑ አለፈ።

አዋጁ ሥራ ላይ የዋለው፣ ጋዜጣውን ሳይጠብቅ፣ በቀጣዩ ሰኞ ነው። ሰኞ ጠዋት የመመልከቻ ክፍል ነርሶች ተሰልፈው፣ እንደ ሙሽራ አጃቢ እየተሳሳቁ በአሳንሰር ወጡ። ለኤልዳና ሦስተኛ ፎቅ ደረሳት። መጀመሪያ የገባችበት ክፍል ውስጥ የተኙት አቶ ገዙ የሚባሉ የሰባ ዓመት አናጢ ነበሩ። አጠገባቸው ቁጭ ብላ እጃቸውን ያዘች፤ መዳፋቸው አሁንም ሻካራ ነው። የልብ ምታቸውን ልትቆጥር ጣቷን አንጓቸው ላይ ብታደርግ ሥሩን አጣችው። አሥራ አንድ ዓመት ግድግዳ ሲነግራት የኖረ ነገር ነው። ሦስት ጊዜ ፈልጋ በአራተኛው አገኘችው፤ ደስታው አስለቀሳት። አቶ ገዙ ያለቀሰችው ለእሳቸው መስሏቸው፣ ኧረ ደህና ነኝ እያሉ ያባብሏት ጀመር።

ስልኳ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ኢዮስያስ ነበር። በሩ አልተከፈተም አላት። ባለፈው ሳምንት ለታማሚዎቹ ሁሉ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሦስት ሰዓት ሲሆን በራችሁ ይከፈታል፣ እኔም እገባለሁ ብሎ ነግሯቸው ነበር። እትዬ ሶሊያና ጠጉራቸውን ተበጥረው፣ ጥፍራቸውን ከርክመው፣ መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምረው ጠብቀዋል። አልጋው አዲሱ ትእዛዝ አልደረሰው እንደሆነ ቴክኒሻኖቹን ቢጠይቁልኝ አላት።

«እጠይቃለሁ» አለች ኤልዳና። በሌላው እጇ የአቶ ገዙን እጅ እንደያዘች ነበር።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው። ማክሰኞ ደወለላት፤ ቴክኒሻኖቹ እያዩት ነው አለችው። ረቡዕ ደወለላት፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት መልስ እየተጠበቀ ነው አለችው። እሱም አመሰገናት፤ ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ አላት። ይቅርታ የምትለዋን ቃል ከሱ አፍ ስትሰማ ኤልዳና ስልኩን ዘግታ የመታጠቢያ ክፍል ገብታ ፊቷን ታጠበች፤ መስታወቱን ግን ቀና ብላ አላየችም። ያን ሳምንት መስታወት ማየት ጠልታ ጠጉሯን በዳበሳ ነበር የምታሥረው። አሥራ ሁለት ደቂቃዋን ግን በየቀኑ ሰጠች። ሕሙማኑ እጇን እየሳሙ ይመርቋታል፤ እሷም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያለች ትመረቃለች።

ሐሙስ ጠዋት ፈዲላ መመልከቻ ክፍል ድረስ መጡ። ጋዜጣው ቀድሞ ወጥቶ ኖሯል። ወንበር ሲቀርብላቸው አልቀመጥም አሉ። ድምፃቸው በጣም ቀንሷል።

«ሰባተኛውን የት አደረግሽው?»

ኤልዳና ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስልኩን፣ መስኮቱን፣ ተስማምተናል ያለችውን። ስድሳ ሺህ ሰው የምትለዋን ስትጀምር ፈዲላ እጃቸውን አነሡ።

«ስሌቱንማ እኔም አውቀዋለሁ» አሉ። «ብትጠሪኝ፣ ልጁንም ብትጠይቂው፣ እሱ ራሱ አውጡት ይል ነበር ይሆናል። ያን ልጅ አታውቂውም? እሺ ባለ ነበር፤ ለታማሚዎቹም ቀርቶባችኋል ብሎ ራሱ በነገራቸው ነበር። አንቺ የነፈግሽው ያን ዕድል ነው።» መቁጠሪያቸውን ጨበጡ። «የእንግዴ ልጁ ሳይወጣ እንኳን ማርያም ማረችሽ የምትል አዋላጅ አይቼ አላውቅም። እኛ ሁላችን ሆድ ውስጥ ትተን ነው እልል ያልነው። ልጁ አውቋል?»

«አላወቀም።»

«ጋዜጣውን አላነበበማ። ለምን ያነባል? ካንቺ ተረክቧል።»

እኔ እነግረዋለሁ አላሉም፤ ንገሪውም አላሉም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ኤልዳና በግድግዳው ላይ መቶ አራቱን መስኮቶች ስታይ ቀረች።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ኤልዳና የዝምታ ክፍሎቹ ያሉበት ሕንፃ ደረሰች። ነጭ ጋወኗን ለብሳ ነበር። ኢዮስያስ ከአራተኛው መስታወት ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሲያያት ብድግ አለ፤ ፊቱ በራ። ራስዎ መጡ፣ ተስተካከለ ማለት ነው አላት።

ከመስታወቱ ወዲያ እትዬ ሶሊያና ቆመዋል። ቀጭን፣ ጠጉራቸው ሁለት ጉንጉን የተሠራ፣ ስድሳ ስድስት ዓመት የሆናቸው ሴት ናቸው፤ ድሮ መምህርት ነበሩ። መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈውታል። መስታወቱ እዚያ ቦታ ላይ ላብ ይዟል። አምስተኛ ቀናቸው ነው።

ኤልዳና በኮሪደሩ ስትመጣ ብዙ አሳማኝ ነገር አሰናድታ ነበር። ስለ ክረምቱ ዕረፍት፣ ስለ ሰብሳቢዋ፣ ስለ መጪው ዓመት። ያችን መዳፍ ስታይ ሁሉም ጠፋባት። የቀራት ወጉ ብቻ ነበር። ከማጉያው አጠገብ ሄዳ ቆመች፤ ኢዮስያስን ከወዲያ በኩል እንዲቆም በእጇ አመለከተችው። ርክክብ እንደሆነ ወዲያው ገባው፤ ግራ እየተጋባ ቆመ። ማጉያውን ከፈተችው። ሕመምተኛዋ መስማት አለባቸው።

«ርክክቡን አልጨረስኩም ነበር» አለች። «ያልተሠራው፦ አንቀጽ ሰባት ከአዋጁ ወጥቷል። የዝምታ ክፍሎች በር አይከፈትም፤ ማሽኑ አልተበላሸም። እንዲወጣ የተስማማሁት እኔ ነኝ። አንተን ሳልጠይቅ ተስማምተናል ብያለሁ። በርክክብ ላይ የቀረ የለም ብዬ ደብቄብሃለሁ። ከሰኞ ጀምሮም ስትደውል ዋሽቼሃለሁ።»

እትዬ ሶሊያና ዘወር አላሉም። መዳፋቸውም ካለበት አልተነሣም። ድምፁን ያውቁታል፤ ሰባት ዓመት ቀንና ሌሊት ከአልጋው ሲናገራቸው የኖረ ድምፅ ነው፤ መልስ መስጠት ካቆሙ ቆይተዋል። መስታወቱን አልፈው ኢዮስያስን ብቻ አዩት።

«ዶክተር» አሉት፤ «አልጋው ዛሬ ምን ይላል?»

በኢዮስያስ ፊት ላይ ቁጣ ይመጣል ብላ የጠበቀችው ኤልዳና፣ ያ ባለመምጣቱ የምትይዘው የምትጨብጠው አጣች። ሰውየው ኤልዳናን ሳይሆን ወለሉን ሲያይ ቆየ። በኋላ ቀና ብሎ፣ ወጉ እንደሚለው፣ የሰማውን በራሱ አፍ መድገም ጀመረ። ከእሷ ወደ መስታወቱ ዞሮ ነበር የሚናገረው።

«አንቀጽ ሰባት ወጥቷል» አለ። «በሩ አይከፈትም፣ እትዬ ሶሊያና። ማሽኑ አልተበላሸም። ይከፈታል ብዬ የነገርኩዎት ሳላረጋግጥ ነው።»

ስለ እሷ ያለችውን አልደገመም። የኤልዳናን ስም አላነሣም። ያን ጥፋት በሙሉ ወስዶ በአንዲት ዐረፍተ ነገር የራሱ አደረገው። ኤልዳና እንዲህ አይደለም ልትል አፏን ከፈተች፤ ነገር ግን ገቢው ሲደግም ወጪው አያቋርጥም።

እትዬ ሶሊያና ሰሙት። እሱ ሲናገር ነው የሰሙት። መዳፋቸውን ከመስታወቱ ቀስ ብለው አነሡና አዩት፤ የከረከሙትን ጥፍራቸውን አንድ በአንድ አዩት። ከዚያ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከትተው አልጋው ላይ ተቀመጡ።

«ተረክቤያለሁ» አለ ኢዮስያስ። «ሦስት ሰዓት ከአምስት።»

ማጉያውን ዘጋው። ሰኞ ሦስቱም ማኅበራት እንደሚሰበሰቡ፣ ምክር ቤቱ ሲከፈት ሰባተኛውን ብቻውን ይዘው እንደሚገቡ፣ ለዚህም ደብዳቤውን ዛሬውኑ እንደሚጽፍ ነገራት። ድምፁ ሥራ የበዛበት ሰው ድምፅ ነበር። የነርሶች ማኅበር ሌላ ተወካይ ይላክ አለ። እስከዚያች ቀን በነበሩት ዓመታት ሁሉ፣ እትዬ ሳይል ተናግሯት አያውቅም።

«ሲስተር» አላት፤ «ፈረቃዎ አልቋል።»

ኤልዳና ወደ ኮሪደሩ አቀናች። ከኋላዋ ኢዮስያስ ወንበሩን ወደ መስታወቱ ሲያስጠጋ ሰማች። እትዬ ሶሊያና ማልቀስ ጀምረው መሆን አለበት፤ አልጋው የልባቸው ምት ሲለወጥ ወዲያው ያውቃል። በሩ ጋ ልትደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀራት፣ የገዛ ድምፅዋ፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመቱ፣ ለስላሳው፣ ከመስታወቱ ውስጥ ተሰማ።

«አይዞዎት» አለ፤ «አለሁ።»